ሽታ ተከትሎ መግባት

ዝናቡ ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ አላባራም። ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንቅልፍ ያመጣል ይባላል፤ ዛሬ ግን ሆድ ቀሰቀሰ። ከጎረቤት ሽንኩርት ሲቁላላ ይሸታል። በዚህ ሰዓት ማን ድስት ጣደ? ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሲሆን ደግሞ አንድ የማውቀው ልጅ ከሀያ ሁለት ሰፈር መልእክት ላከ፦ «አራት ነን። ርቦናል። የት እንግባ?»

የት እንግባ። ካዛንችስ ቆሞ ሳለ ይህን የሚጠይቅ አልነበረም፤ ሽታ ተከትሎ ይገባ ነበር። ካዛንችስ ውስጥ ለውስጥ፣ ፒያሳ ደግሞ ዶሮ ማነቂያ ጠባቡ መንገድ ላይ፣ እሳቱ ለበሩ ቅርብ ነበር። የተሰቀለው ሥጋ ይታያል፣ መጥበሻው ይታያል፣ የምትጠብሰው ሴትዮ እጅ ይታያል። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ፈረሰ፤ አብዛኛው ካዛንችስ በ2017 ተከተለው። አሁን የሌሊቱ ሰው ቦሌ፣ ሀያ ሁለትና ቺቺኒያ ነው ያለው። እዚያ ብዙው ማድ ቤት ከግድግዳ ጀርባ ወይም ፎቅ ላይ ነው። መብራቱ ያምራል፣ ሙዚቃው ይሰማል፣ እሳቱ ግን አይታይም። ዓይን ይሠራው የነበረውን ሥራ አሁን አፍ ተረክቦታል፤ የማይጠይቅ ሰው የቀረበለትን ይበላል።

የሌሊት ረሃብ ሁለት ጊዜ ይመጣል። አንደኛው ከ5 እስከ 6 ሰዓት ነው፤ ያኔ ማድ ቤቱ ሙሉ ሥራ ላይ ስለሆነ የትም ቢገባ ብዙ አያሳስብም። ሁለተኛው ከ8 ሰዓት በኋላ፣ ጭፈራ ቤቱ ሲበተን የሚመጣው ነው። በዚያ ሰዓት ብዙ ምግብ ቤት ወንበሩን ገልብጧል። የሚቀሩት ጥብስ የሚጠብሱ ሥጋ ቤቶች፣ ከኋላ ትንሽ ጓዳ ያላቸው ግሮሰሪዎች፣ መንገድ ዳር ደግሞ እርጥብ፣ ማለትም ድንች ጥብስ በዳቦ፣ የሚሸጡ ናቸው። እርጥብ ከታዘዘ ድንቹ ዓይን እያየ ከዘይት ይውጣ፤ ቀድሞ ተጠብሶ የተከመረ ድንች ዘይቱን መጥጦ ዳቦውን ያበሰብሰዋል።

ማክሰኞና ሐሙስ ሌሊት የራሳቸው ሕግ አላቸው። 6 ሰዓት ካለፈ ለብዙ ጿሚ ረቡዕና ዓርብ ገብቷል፣ ጥብስ ቀረ። ሽሮ ሲታዘዝ «የጾም ነው?» ማለት አይበቃም፤ የደከመው አስተናጋጅ «አዎ» ብሎ ያልፋል። መጠየቅ ያለበት ቁሌቱ ነው። ሽንኩርቱ ምሽት ላይ በአንድ ትልቅ ድስት ተቁላልቶ ለሁሉም ወጥ የሚጨለፍ ከሆነ፣ ቅቤ አንዴ ከገባበት የጾም ሽሮ የሚባል ነገር የለም። «ቁሌቱ በዘይት ብቻ ነው?» ሲባል አስተናጋጁ ሄዶ ጠይቆ ይመለሳል። ሳይሄድ ከመለሰ አያውቅም ማለት ነው።

ጥብስ። ለአራት ሰው 1 ኪሎ ይበቃል፤ ግን ባንድ መጥበሻ ባንዴ አይጠበስ። ግማሽ ግማሽ ኪሎ፣ ሁለት ጊዜ። መጥበሻው ሲሞላ እሳቱ ሥጋውን አይችለውም፤ ሥጋው ውሃ ይለቃል፣ በገዛ ውሃው ይቀቀላል፣ ውሃው እስኪመጥ ሲጠበቅ ደግሞ ይደርቃል። ሌሊት «ጎማ ነው» ተብሎ የሚታማው ጥብስ ብዙ ጊዜ የበሬው ጥፋት ሳይሆን የመጥበሻው ነው። በወጉ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ጮማውን ያቀልጣል፣ ሥጋውን ጨምሮ ፊቱ እስኪጠቁር አያማስለውም፣ ሽንኩርቱን ቀጥሎ፣ የጥብስ ቅጠሉንና ቃሪያውን መጨረሻ ላይ ይጥላል።

ቃሪያውን እዩ። አረንጓዴነቱን ካጣና ከተኮማተረ፣ የጥብስ ቅጠሉም ከጠቆረ፣ ያ ጥብስ ለሌላ ሰው ተጠብሶ የተመለሰ ወይም ቀድሞ ተሠርቶ የቆየ ነው። ሸክላ ላይ ሲንጫጫ መምጣቱ ምንም አያረጋግጥም፤ ከሥሩ ፍም ካለ የትናንቱም ይንጫጫል። ሚጥሚጣ ከላይ ነስንሰው ካመጡ ደግሞ የበለጠ መጠርጠር ነው። ሚጥሚጣ ቦታው ሳህኑ ዳር ነው።

ሥጋ ቤት ከሆነ በዚያ ሰዓት ጭቅናና ሽንጥ አልቋል፤ ቀድሞ የመጣ ወስዶታል። መንጠቆው ላይ የቀረው ብዙ የሠራ ጡንቻ ነው፣ የጭን ወይም የአንገት። ከእሱ ደረቅ ጥብስ ማዘዝ ጥርስን ማድከም ነው። ጎድን ካለ ከነአጥንቱ ይጠበስ፤ በአጥንቱ መካከል ያለው ስብ ሥጋውን ከመድረቅ ይጠብቀዋል። ዋጋው ሳይቆረጥ በፊት ይጠየቅ፦ በኪሎ ስንት ነው፣ ከነመጥበሻው ነው ወይ? ሚዛኑም ፊት ለፊት ይሁን። ከተበላ በኋላ ስለ ኪሎ መከራከር ሁለቱንም ወገን ያዋርዳል።

ጥሬ ሥጋ ለቀን ይቆይ። ኮሶው በማንኛውም ሰዓት ያው ነው፤ ሌሊት የሚጨመረው ግን ሥጋው ሲሰቀልና ሲወርድ፣ ስንት እጅ ሲነካው መዋሉ ነው። ክትፎ የባሰ ነው። ቢላ የነካው የሥጋው ፊት ሁሉ ሲከተፍ ከውስጡ ጋር ይቀላቀላል፤ ተከትፎ የቆየ ከሆነ ነገሩ ሁሉ አብሮ ውሏል። «አሁን ይከተፍልኝ» ማለት ይቻላል። ለብለብ ሥጋውን ያሞቀዋል እንጂ አያበስለውም፤ ስለዚህ ከ6 ሰዓት በኋላ የሚታዘዘው «የበሰለ» ነው። ክትፎ ወዳጆች ይቀየማሉ፣ አውቃለሁ።

ሽሮ ተጋቢኖ እምነት የሚጣልበት ነው። ዱቄቱ ደረቅ ስለሆነ ቶሎ አይበላሽም፣ የሚሠራውም ሲታዘዝ ነው፣ ዘይቱ ከላይ እስኪወጣ ድረስ። በ3 ደቂቃ ከመጣ ምሽት የተሠራ ሽሮ ውሃ ተጨምሮበት ነው፤ ወይም ዱቄቱ ገና አልበሰለም፣ እሱ ደግሞ ሆድ ነፍቶ ያሳድራል። 15 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ሲቀርብ አረፋው እየዘገየ ቡልቅ ቡልቅ ካለ ወፍሯል፤ ቶሎ ቶሎ ከፈላ ቀጥኗል።

እኔን ብትጠይቁኝ ግን የሌሊት ምግብ ማለት ፍርፍር ነው፣ በተለይ የቋንጣ። ሌላው ምግብ በሰዓቱ ምክንያት ይጎድላል፤ ፍርፍር ግን ትናንት ያለፈበትን ይፈልጋል። ዛሬ የተጋገረ ለስላሳ እንጀራ መረቅ ሲነካው ይላቁጣል፤ የትናንቱ፣ ጠርዙ ትንሽ የደረቀው፣ መረቁን ጠጥቶም ቅርጹን ይይዛል። ቋንጣውም የደረቀው እንዲቆይ ተብሎ ነው። ሥራው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይበላሻል። ቁሌቱ በርበሬውን አብስሎ፣ ቋንጣው ለስልሶ፣ መረቁ እየፈላ እንጀራው መግባት አለበት፤ እንደገባ ከእሳት ወርዶ ሁለት ሦስት ጊዜ መገልበጥ ብቻ። ድስቱ እሳት ላይ ከቆየ ወይም ከተከደነ ገንፎ ይሆናል። ይህን ሰዓት ሰጥቶ የሚያስተምር ደብተር የለም፤ እጅ ነው የሚያውቀው። ካዛንችስ የነበሩት ሴቶች ከሰው ጋር እያወሩ፣ ሳያዩ፣ ድስቱን የሚያወርዱበትን ቅጽበት አይስቱም ነበር።

ያ እጅ የመጣው ከሩቅ ነው። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ነበር፤ ጭፈራ ቤት የገባ ሰው ሰዓቱ ካለፈበት በሩ ይዘጋበታል፣ እስኪነጋ መውጣት የለም። ሌሊቱን ሙሉ ሲጨፈር ያደረ ሰው ይርበዋል፤ ገበያ የለም፣ ሥጋ የሚያመጣ የለም፣ ያለው በጓዳው ያለው ነው። ትናንት የተጋገረ እንጀራ፣ በርበሬ፣ የተሰቀለ ቋንጣ፣ የሽሮ ዱቄት። ዛሬ ሌሊት ከ8 ሰዓት በኋላ እምነት የሚጣልባቸው ምግቦች እነዚያው መሆናቸው ይገርመኛል። የተዘጋ በር ያስተማረው ይሆን? ወይስ ከዚያም በፊት፣ በውቤ በረሃ ዘመን፣ እንዲሁ ነበር?

ሊነጋጋ ሲል ሌላ ዓለም ይከፈታል፣ ባጭሩ፦ 11 ሰዓት ላይ ቅቅል፣ 12 ሰዓት ላይ ፉል። ዱለት የሚበላው በጉ በታረደበት ጠዋት ነው፤ ጨጓራና ጉበት ማደር አይችሉም፤ ስለዚህ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ «ዱለት አለን» የሚል ቤት የትናንቱን ነው የሚያቀርበው። እጅ መታጠቢያው ላይ ውሃ ከሌለ ደግሞ ማድ ቤቱም ላይኖረው ይችላል፤ ሳህኑ በምን እንደታጠበ መገመት አያቅትም። መኪናም ሂሳብ ሳይመጣ ይጠራ፣ ዝናብ ላይ በተለይ።

እነዚያ የካዛንችስ ሴቶች። ጓዳ ነበራቸው እንጂ ሰሌዳ አልነበራቸውም። ብዙዎቹ ቤቱን የተከራዩት ናቸው። ስማቸውን የሚያውቀው ደንበኛቸው ነው፣ እሱም በልጃቸው ስም ነው የሚጠራቸው፣ የእከሌ እናት እየተባለ። ሰፈሩ ሲነሳ ሰው በየአቅጣጫው ተበተነ፣ ብዙው ወደ ከተማው ዳር። ዳር ላይ ሌሊት የሚበላ ሰው የለም፤ የቦሌ ፎቅ ኪራይ ደግሞ በፍርፍር አይከፈልም። ታዲያ በተቀጣሪነት ገቡ? ከግድግዳው ጀርባ፣ ከማናያቸው ማድ ቤቶች በአንዱ ውስጥ ድስቱን የምታወርደው ከእነሱ አንዷ ትሆን?

የጎረቤቱ ሽንኩርት አሁን በርበሬ ገብቶበታል፤ ሽታው ተለወጠ። አጥሩን ተሻግሬ ባላየውም በዘይት አይደለም፣ በቅቤ ነው። ማን ነው ግን በዚህ ሰዓት የሚያቁላላው? ቤቱ እኮ ከሚያዝያ ጀምሮ ባዶ ነበር፤ በዚህ ሳምንት ነው ሰው የገባበት።