በአራት ቤት አራት ቮልቴጅ፦ ከቻርጀሬ ጋር ያሳለፍኳቸው አምስት ሳምንታት

ከምናለሽ ተራ የምገዛቸውን አሮጌ የላፕቶፕ ባትሪዎች እየፈታሁ፣ በውስጣቸው ያሉትን 18650 ተብለው የሚታወቁ ሊትየም አዮን ሴሎች (ውፍረታቸው 18፣ ርዝመታቸው 65 ሚሊ ሜትር የሆኑትን) እየለየሁ፣ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግሉ የጥናት መብራቶችን መሥራት ከጀመርኩ አንድ ዓመት ሆነኝ። በዚህ ጊዜ ሁሉ ሴሎቹን የምመድበው አራት ሴሎችን በየማስቀመጫቸው የሚይዘው ባለ አራት ቤት ቻርጀሬ በስክሪኑ ላይ በሚያሳየኝ ቮልቴጅ ነበር። 3.80 ካለኝ 3.80 ብዬ በሴሉ ላይ እጽፋለሁ፤ ከዚያም ተቀራራቢ ቁጥር ያላቸውን ሦስት ሦስት አድርጌ አጣምራለሁ። አንድ ቀን ማታ ግን አንዱን ሴል ከ3ኛው ቤት አውጥቼ ሳላስተውል ወደ 4ኛው ቤት መለስኩት። 3.93 የነበረው ቁጥር 3.78 ሆነ። በመካከሉ ያለፈው ጊዜ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም።

የ0.15 ቮልት ልዩነት በግድግዳ ሶኬት ላይ ቢገኝ ከቁም ነገር የሚቆጥረው የለም። ሊትየም አዮን ሴል ግን ባዶ ከሚባልበት 3.0 ቮልት ገደማ እስከሚሞላበት 4.20 ቮልት ድረስ ያለው ስፋት በጠቅላላው 1.2 ቮልት በመሆኑ፣ 0.15 ማለት የዚህ ስፋት ስምንተኛ እጅ ነው። በዚያ ላይ እኔ ሴሎቹን ጎን ለጎን ስለማያይዝ ጉዳዩ የቁጥር ብቻ አልነበረም። የእያንዳንዳቸው ውስጣዊ ሬዚስታንስ (ሴሉ ራሱ የከረንትን ፍሰት የሚቃወምበት መጠን) 50 ሚሊ ኦም የሆኑ ሁለት ሴሎች 0.15 ቮልት ተበላልጠው ቢገናኙ፣ በተገናኙበት ቅጽበት ከአንዱ ወደ ሌላው 1.5 አምፒር ይፈስሳል። «እኩል ናቸው» ብዬ ካጣመርኳቸው ውስጥ ስንቶቹ እኩል እንዳልነበሩ ሳስብ የዚያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል ማጋነን አይሆንም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሁላችንም የምንጠረጥረውን ነው፤ ሰፈራችን ውስጥ መብራቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ይህ ጥርጣሬ በሁለት ቀን ውስጥ ወደቀ። የቻርጀሩ አዳፕተር ከ100 እስከ 240 ቮልት ድረስ ያለውን ሁሉ ተቀብሎ 5 ቮልት እንዲያወጣ የተሠራ ስለሆነ፣ በእኛ ቤት የሚታየው መዋዠቅ ለእሱ ብዙም ለውጥ የለውም። ይልቁንም አንድ ምሽት መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን በፓወር ባንክ አስነስቼ ያንኑ ሴል በአራቱም ቤቶች አዞርኩት፤ ልዩነቱ እንደነበረ ቆየኝ። እንግዲህ ጥፋቱ ከግድግዳው ወዲህ ነው ማለት ነው።

ቀጥዬ ቮልቴጅ የምለካበትን መልቲሜትሬን አወጣሁ፤ እሱ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ አወሳሰበው፤ ቻርጀሩ ሞልቷል ብሎ 4.20 ያሳየውን ሴል 4.31 ብሎ አነበበልኝ። በሰፈራችን ሬዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ አንድ ጋሼ አሉ፤ ዕቃዬን ሰብስቤ እሳቸው ዘንድ ሄድኩ። ገና ነገሬን ሳልጨርስ «እስቲ የቴስተርህን ድንጋይ አሳየኝ» አሉኝ። 9 ቮልት መሆን የነበረበት ድንጋይ ከ7 በታች ወርዶ ነበር። እንደኔ ያሉ ርካሽ መልቲሜትሮች ድንጋያቸው ሲደክም ቁጥሩን ወደ ላይ ማጋነን ይጀምራሉ፤ ስክሪኑ ላይ የምትታየውን ትንሽ የባትሪ ምልክት እኔ ለወራት እንደ ጌጥ ቆጥሬያት ነበር። አዲስ ድንጋይ ከተገባለት በኋላ የእኔ መልቲሜትርና የጋሼ መልቲሜትር በ0.01 ቮልት ብቻ ተለያዩ። ያም ቢሆን የእኔው መልቲሜትር ማንዋል በ20 ቮልት መደብ ላይ ከንባቡ 0.5 በመቶና ከመጨረሻው አሃዝ ሁለት ቁጥር (ማለትም 0.02 ቮልት) ያህል ሊስት እንደሚችል ስለሚገልጽ፣ 4.20 አካባቢ ያለኝ እርግጠኝነት በግራም በቀኝም 0.04 ቮልት ገደማ ነው። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ 0.02 ቮልት ልዩነት አየሁ ብዬ ቻርጀሬን አልከስስም፤ 0.06 ሲሆን ግን እከስሳለሁ።

ሁለተኛው ስህተቴ የሰዓት ነበር። አንዳንዱን ቁጥር ሴሉን እንዳስገባሁ፣ አንዳንዱን ከአምስት ደቂቃ በኋላ፣ ሌላውን ደግሞ ሞልቶ ካረፈ በኋላ እየጻፍኩ እርስ በርስ ሳወዳድር ከርሜያለሁ። ሴል ከረንት ሲገባበት ቮልቴጁ ወዲያው ከፍ ይላል፤ የሚጨምረውም የከረንቱና የውስጣዊ ሬዚስታንሱ ብዜት ያህል ነው። ሙከራ ያደረግኩበት ሴል አርፎ 3.80 ሲያነብ፣ በግማሽ አምፒር ቻርጅ ሲደረግ ሁለቱን ጫፎቹን በቀጥታ ስነካው 3.84 ያነባል፤ ይኸውም ወደ 80 ሚሊ ኦም ሬዚስታንስ አለው ማለት ነው፤ ለአሮጌ ሴል መጥፎ አይደለም። ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፤ የተለያየ ጥያቄ መልስ ናቸው እንጂ። ከዚህ በኋላ ደብተሬን በሁለት ዓምድ ከፈልኩት፦ አንዱ ሴሉ ከቻርጀር ወጥቶ ቢያንስ አንድ ሰዓት ካረፈ በኋላ የሚለካ፣ ሌላው ቻርጅ በተጀመረ በሦስተኛው ደቂቃ የሚለካ።

በዚህ አካሄድ ያንኑ ሴል በአራቱም ቤቶች በግማሽ አምፒር ስለካው፣ ስክሪኑ በተራ 3.85፣ 3.84፣ 3.93 እና 3.78 አሳየ። መልቲሜትሩ በሴሉ ጫፎች ላይ በአራቱም ቤቶች 3.84 አነበበ። ሴሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቻርጀሩ የሚያይበት መስኮት ነው። 1ኛውና 2ኛው ቤት ታማኞች ሆነው ተገኙ። የቀሩት ሁለቱ ግን ሁለቱም ይዋሻሉ፤ በተለያየ ምክንያት መዋሸታቸውን ለማወቅ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

የ3ኛውን ቤት ምስጢር የገለጠልኝ ከረንቱን መቀያየር ነው። በግማሽ አምፒር ከእውነተኛው በ0.09 ቮልት ከፍ የሚለው ቁጥር፣ በ1 አምፒር በ0.18፣ በሩብ አምፒር ደግሞ በ0.04 ወይም በ0.05 ከፍ አለ። ስህተቱ ከከረንቱ ጋር እኩል የሚያድግና የሚቀንስ ከሆነ በመንገዱ ላይ የማይፈለግ ሬዚስታንስ አለ ማለት ነው፤ 0.09ን ለ0.5 ስናካፍለው ወደ 180 ሚሊ ኦም ይመጣል፣ ይኸውም ከሴሉ ውስጣዊ ሬዚስታንስ በእጥፍ ይበልጣል። በእኔ ቻርጀር የኔጌቲቩ ጫፍ መነካኪያ የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ሴሎች እንዲይዝ በሞላ እየተሳበ በብረት ሐዲድ ላይ የሚንሸራተት ነው፤ ከረንቱ ከሴሉ ወደ መነካኪያው፣ ከመነካኪያው ደግሞ ወደ ሐዲዱ ሁለት ጊዜ ይሻገራል። መልቲሜትሩን 200 ሚሊ ቮልት መደብ ላይ አድርጌ አንዱን ጫፍ በሴሉ ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን በሐዲዱ ላይ ባሳርፍ 84 ሚሊ ቮልት አነበበ። በታማኙ 2ኛ ቤት ያው መለኪያ ከ10 አይበልጥም። ከቀረበልኝ የ0.09 ስህተት ውስጥ ዋናው ድርሻ እዚያች ሐዲድ ላይ እንደተቀመጠ በዓይኔ ያየሁበት ይህ ልኬት ከአምስቱ ሳምንታት ሁሉ ያስደሰተኝ ነው።

ጥገናው ከምርመራው ይልቅ ቀላል ሆነ። ቻርጀሩን ከመብራት ነቅዬ፣ ከፋርማሲ በተገዛ አልኮል የራሰ ጥጥ በቀጭን እንጨት ጠቅልዬ ሐዲዱን ከዳር እስከ ዳር ጠረግኩት፤ ጥጡ ጥቁር ሆኖ ወጣ። የመነካኪያውን ፊት በላጲስ አሸሁት። በአሸዋ ወረቀት ማሸት ግን አይገባም፤ በላዩ የተለበጠው ቀጭን ሽፋን አንዴ ከተነሣ ከሥሩ ያለው ብረት ቶሎ ይዝጋል። ከዚያ በኋላ በግማሽ አምፒር የነበረው ስህተት ከ0.09 ወደ 0.02 ወረደ። የሴሎቹንም ጫፍ መጥረግ እንደሚያስፈልግ የተረዳሁት በዚሁ ጊዜ ነው፤ ከላፕቶፕ ባትሪ የተነቀሉ ሴሎች የብየዳ ቅሪት ጫፋቸው ላይ ስለሚቀር፣ ሴሉ ትንሽ ዞር ሲል ብቻ ቁጥሩ ይዘልላል።

4ኛው ቤት ከዚህ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። በሩብ አምፒርም፣ በ1 አምፒርም፣ ከረንት ሳይኖር እንኳ 0.06 ቮልት ዝቅ ብሎ ይነበባል። ከረንቱን የማያውቅ ስህተት የመነካኪያ ስህተት ሊሆን አይችልም፤ ከመለኪያው ራሱ የሚመጣ ነው። እንዲህ ያሉ ቻርጀሮች ብዙውን ጊዜ የሴሉን ቮልቴጅ በሁለት ሬዚስተሮች ከፋፍለው ቻርጀሩን ወደሚመራው ቺፕ፣ ወደ ማይክሮ ኮንትሮለሩ፣ ይልካሉ፤ ሬዚስተሮቹ የ1 በመቶ ዓይነት ከሆኑና ቮልቴጁን በእኩል የሚከፍሉ ከሆነ በ4.20 ላይ እስከ 0.04 ቮልት ድረስ መሳት ከሥሪታቸው የሚጠበቅ ነው። የእኔው ከዚያም አልፏል። ክዳኑን ከፍቼ በአጉሊ መነጽር ብፈልግም የተሰነጠቀ ብየዳ አላገኘሁም፤ በሰሌዳው ላይ እንዳሉ የለካኋቸው ሬዚስተሮችም ከሌሎች ክፍሎች ጋር ተያይዘው ስለሚለኩ እምነት የሚጣልበት ቁጥር አልሰጡኝም።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የምለው አለኝ፤ ከሁለቱ ውሸታሞች የሚያስፈራው የትኛው እንደሆነ ብዙዎቻችን ተቃራኒውን እንገምታለንና። እኔም 0.09 የሚስተውን 3ኛውን ቤት ከ0.06ቱ የባሰ አድርጌ ነበር የቆጠርኩት። ነገር ግን 3ኛው ቤት ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ስለሚያይ ገና ሳይሞላ 4.20 ደረሰ ብሎ ከረንቱን ቀድሞ መቀነስ ይጀምራል፤ ከረንቱ በቀነሰ መጠን ስህተቱም አብሮ ስለሚቀንስ በመጨረሻ ሴሉ ዘግይቶም ቢሆን በትክክል ይሞላል። ጉዳቱ ጊዜ ብቻ ነው። 4ኛው ቤት ግን ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ ስለሚያይ ሴሉ 4.20 ከደረሰ በኋላም ገና ነው እያለ ይጨምርበታል። ሙሉ ነው ባለኝ ሰዓት በመልቲሜትር ስለካው 4.26 አገኘሁ፤ የመልቲሜትሬን ስህተት ብቀንስለት እንኳ ከ4.20 በላይ ነው። ከልክ በላይ የሚሞላ ሊትየም አዮን ሴል ዕድሜው ያጥራል፤ እየባሰ ከሄደም ለእሳት መንገድ ይከፍታል። የያዝኳቸው ሴሎች ደግሞ ታሪካቸው የማይታወቅ አሮጌዎች ናቸው። (ቻርጀሩን ዘወትር በተሰነጠቀ አሮጌ ምጣድ ላይ አድርጌ የምጠቀመው በዚሁ ምክንያት ነው፤ እናቴ ለምጣዱ ሥራ ስላገኘሁለት ደስ ብሏታል።)

ሦስተኛ ዓይነት ልዩነት ደግሞ አለ፤ አራቱም ቤቶች አብረው ከፍ ወይም ዝቅ የሚሉበት። አንድ ሴል ብቻ ሲኖር ወደ ቻርጀሩ የሚገባው 5.02 ቮልት የነበረው፣ በአራቱም ቤቶች ሴል ሲገባ በቀጭኑና በረጅሙ ገመድ ምክንያት 4.62 ሆኖ አገኘሁት፤ በዚያን ጊዜ አራቱም ቁጥሮች ወደ 0.02 ያህል አብረው ተንቀሳቀሱ። ገመዱን በአጭርና በወፍራም ስለውጠው 4.91 ደረሰ፤ መንቀሳቀሱም ቀረ። በዚህ ላይ ብዙ አልቆየሁም።

አንድ ሙሉ ምሽት ያባከንኩበትን ነገርም ልጥቀስ። ባዶ ቤት ላይ መልቲሜትር አስገብቼ ስንት ቮልት እንደሚያወጣ ለማየት ስሞክር፣ አንዴ ዜሮ፣ አንዴ ሌላ ቁጥር እያለ ሲዘልል ቻርጀሩ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ሴል ገብቶ እንደሆነ ለማወቅ በየጊዜው አጭር ምት የሚልኩ ቻርጀሮች ባዶ ሲሆኑ የሚያሳዩት ቁጥር ትርጉም የለውም፤ መለካት የሚገባው ሴል ገብቶ ሳለ፣ በሴሉ ጫፎች ላይ ነው።

በዚህ ወር ደግሞ የግድግዳ ሰዓትና የሪሞት ድንጋዮችን፣ ማለትም 1.2 ቮልት የሆኑትን የኒኬል ዓይነቶች፣ በዚሁ ዘዴ መመርመር ጀምሬያለሁ። በእነሱ ላይ መነካኪያው የበለጠ ንጹሕ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ብዙ ቻርጀሮች የኒኬል ድንጋይ መሙላቱን የሚያውቁት ቮልቴጁ ጫፍ ደርሶ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ቮልት ገደማ ወረድ ሲል ስለሆነ፣ የ3ኛው ቤቴ ሐዲድ ሳይጠረግ ቢቀር ኖሮ ያን የምታህል ዝቅታ መነካኪያው በሚፈጥረው የቁጥር መዝለል ውስጥ ትጠፋ ነበር።

አሮጌዎቹን ቁጥሮች ከሴሎቹ ላይ በአልኮል አጥፍቻለሁ፤ 41ዱንም አሳርፌ በመልቲሜትር እንደገና እየለካሁ ሲሆን እስከ ትናንት 26 ደርሻለሁ። ከእነዚህ ውስጥ አምስቱ ከሞሉ በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ ከ4.05 በታች ስለወረዱ ለብቻቸው አስቀምጫቸዋለሁ። 1ኛው፣ 2ኛውና 3ኛው ቤት በሥራ ላይ ናቸው፤ 4ኛው ላይ ጥቁር ፕላስተር ለጥፌበታለሁ።