ማደንዘዣ መውጋት ለመማር ሦስት ዓመት?

እዚህ አሜሪካ የሰመመን ነርስነት ልማር ነው ካልኩ ወዲህ ከአገር ቤት የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ነርስ አይደለሽ እንዴ? ማደንዘዣ መውጋት ለመማር ሦስት ዓመት?» አገር ቤት አኔስቴቲስት (የሰመመን ባለሙያ) የሆኑ ጓደኞቼማ ጭራሽ አይገባቸውም። እነሱ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ አኔስቴዥያ መርጠው በዲግሪ ተመርቀዋል። እዚህ መንገዱ ሌላ ነው። መጀመሪያ ነርስ ትሆናላችሁ፣ ፈቃድ ታወጣላችሁ፣ ከዚያ ቢያንስ አንድ ዓመት አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ትሠራላችሁ። ከ2022 ወዲህ አዲስ የሚገባ ተማሪ ሁሉ የሚማረው ለዶክትሬት ነው። የሰው ትንፋሽ በእጃችሁ ለሚገባበት ሥራ ሦስት ዓመት አልበዛም።

እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ያመለከትኩበት አንድ ትምህርት ቤት «ዲግሪሽ የውጭ ስለሆነ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት ላኪ» ብሎ ጻፈልኝ። ኢሜይሉን ያየሁት ከሌሊት ተረኛነት ወጥቼ፣ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ነው። በዚያ ሌሊት የታካሚዬ ግፊት ሲወርድ ግፊት የሚያነሳውን መድኃኒት፣ ኖርኤፒኔፍሪኑን፣ እየጨመርኩ ለሐኪሙ በስልክ ያስረዳሁት በእንግሊዝኛ ነው። አባትህ አይተርፍም የተባለውን ልጅ እጁን ይዤ ያጽናናሁት በእንግሊዝኛ ነው። የፈቃድ ፈተናውንም ያለፍኩት በዚሁ ቋንቋ ነው፤ አገር ቤትም የተማርኩት በሱ ነው። ደሜ ፈላ። ተፈተንኩ፣ አለፍኩም። ንዴቱ ግን እስካሁን አልወጣልኝም።

ስለዚህ የማመልከቻ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጻፉና ጠይቁ። ይህን ፈተና የሚተዉ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ የማይተዉም አሉ። አገር ቤት የተማራችሁበትን ኮስት ሼሪንግ (የወጪ መጋራት ዕዳ) ያልከፈላችሁ አሁኑኑ ጨርሱ። ያለሱ ትራንስክሪፕት አይላክላችሁም፣ ሬጅስትራር ደጅ የምትጠናላችሁ እህትም በከንቱ ትመላለሳለች።

ቃለ መጠይቁ ላይ ደግሞ አስተዳደጋችን ይፈትነናል። እኛ ራስን ማሞገስ ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። ብቻችንን የሠራነውን እንኳ «ሠራን» እንላለን። አሜሪካውያን በበኩላቸው በር ለከፈተላቸው ሰው ሁሉ «አስደናቂ ነህ!» ይላሉ። ሁለታችንም አብዝተነዋል። ጠያቂዎቹ ፊት ግን ይሉኝታ አያዋጣም። ያንን ታካሚ የተከታተልሽው አንቺ ከሆንሽ «እኔ» በይ። መድኃኒቱን ለምን እንደመረጥሽ፣ ቀጥሎ ምን እንደጠበቅሽ ተናገሪ። ጠያቂዎቹ የሚፈልጉት አስተሳሰብሽን ነው።

ስትመርጡ በትምህርት ቤቱ ስም አትደንግጡ። ዕውቅና ያለው ፕሮግራም ሁሉ ስንት ተማሪ እንዳቋረጠ፣ ስንቱ የብሔራዊ ፈተናውን በመጀመሪያ ሙከራ እንዳለፈ፣ ስንቱ ሥራ እንዳገኘ በይፋ ማውጣት አለበት። እኔ ቀድሜ የማየው ያቋረጡትን ነው። ብዙ ሰው የሚያቋርጥበት ትምህርት ቤት ምክንያቱን ይንገራችሁ። ከዚያ ስለ ልምምዱ ጠይቁ። ለመመረቅ ቢያንስ 600 ታካሚና 2,000 የክሊኒክ ሰዓት ያስፈልጋል። ቁጥሩን ሁሉም ያሟላል። ጥያቄው ስፓይናሉን፣ ኤፒዱራሉን (ሁለቱም በጀርባ የሚወጉ ማደንዘዣዎች ናቸው)፣ የነርቭ ብሎኩን (አንድን የሰውነት ክፍል ብቻ የሚያደነዝዘውን) በገዛ እጃችሁ ትሠራላችሁ ወይስ ሪዚደንት (ስፔሻሊቲ የሚማሩ) ሐኪሞች ሲሠሩ ቆማችሁ ታያላችሁ የሚለው ነው። ይህን እውነቱን የሚነግራችሁ አሁን እዚያ የሚማር ተማሪ ነው።

ገንዘቡ እንግዲህ። ሰው የሚያወራው ከተመረቁ በኋላ በዓመት ከ200 ሺህ ዶላር በላይ እንደሚከፈል ነው። እውነት ነው፣ ይከፈላል። እስከዚያ ግን እየሠሩ መማር አይታሰብም። ግራድ ፕላስ የሚባለው የፌዴራል ብድርም ከጁላይ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ቀርቷል። ብድር ከየት እንደምታገኙ ከማመልከታችሁ በፊት እወቁ። ብር የምትልኩላቸውን ሰዎችም አስቀምጣችሁ ንገሯቸው፤ እስክመረቅ የቤት ኪራዩንም የትምህርት ቤት ክፍያውንም አልችልም በሏቸው። መጀመሪያ ላይ ያኮርፋሉ። እኔ ሒሳቡን በብር አስልቼ፣ በቪዲዮ አሳይቼ ነው ያሳመንኳቸው። ታናሽ ወንድሜ ኪራዩን ተረክቧል።