ሚጣ አይደለሁም

ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ልገዛ ስሄድ ሻጩ «ሚጣ፣ እማማ ላከችሽ?» ይለኛል። 31 ዓመቴ ነው፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ42።

ተርነር ሲንድረም እንዳለብኝ የታወቀው በ17 ዓመቴ፣ የወር አበባዬ አልመጣ ሲል ነው። ሴቶች ካሏቸው ሁለት ኤክስ ክሮሞዞሞች (ዘረመል ተሸካሚዎች) አንዱ የለኝም፤ ያጠርኩትም ለዚህ ነው። እማዬ እስከ ዛሬ «እርጉዝ ሆኜ እንስራ ስለተሸከምኩ ነው» ትላለች። አይደለም እማ! በአጋጣሚ የሚከሰት ነው።

ከጆሮዬ ሥር እስከ ትከሻዬ የተወጠረውን የአንገቴን ቆዳ ለመሸፈን በሐዋሳ ሙቀት ሻርፕ ስጠመጥም ኖሬያለሁ። አሁን ትቼዋለሁ። የኢስትሮጅን (የሴት ሆርሞን) ክኒኔን ግን አልተውም፤ ለአጥንቴም ነው። ከልቤ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር መስፋት አለመስፋቱም በየጊዜው ይታያል።

ቁመት እንዲጨምር የሚሰጠው የእድገት ሆርሞን የሚሠራው አጥንት ማደጉን ሳያቆም ነው፤ እኔ አልደረስኩበትም። የጎረቤቴ ልጅ በ8 ዓመቷ የ5 ዓመት ልጅ ታክላለች። እናቷን ለምኜ፣ ሰኞ አብረን ሐኪም ጋ ልንወስዳት ነው።