ስብሰባን በደካማው መስመር ልክ

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በአገራችን መገኘቱ በተነገረ በሁለተኛው ሳምንት አብዛኞቹ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ከቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ሲወሰን፣ ስብሰባ የማስተባብርበትና ቃለ ጉባኤ የምይዝበት አነስተኛ የመስኖ አማካሪ ድርጅትም ቢሮውን ዘግቶ ላፕቶፕ እያስያዘ ወደየቤታችን ሸኘን። አብዛኞቻችን አዲስ አበባ ነበርን፤ አንጋፋው መሐንዲሳችን አርባ ምንጭ፣ ሥራውን የሚያሠራን አጋር ድርጅት ጄኔቫ፣ አንዲት አማካሪያችን ደግሞ ዋሽንግተን ነበሩ። እነዚህን ሁሉ በየሳምንቱ ማገናኘት የእኔ ድርሻ ሆነ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክርክሩ ሁሉ ዙም ይሻላል፣ ጉግል ሚት ይሻላል የሚል ነበር። በእኔ አስተያየት ይህ ከጥያቄዎቹ ሁሉ ቀላሉ ነው። እንዲያውም ዙም በነፃ ለሚጠቀም ቡድን የሚፈቅደው 40 ደቂቃ ብቻ መሆኑ ስብሰባችንን ከማንኛውም የቢሮ መመሪያ በተሻለ ሁኔታ አሳጥሮልናል። ከባዱ ጥያቄ አርባ ምንጭ ያሉት መሐንዲስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መስማትና መሰማት የሚችሉት እንዴት ነው የሚለው ነበር፤ ስለዚህ ስብሰባውን የእሳቸው መስመር በሚችለው ልክ ለማዘጋጀት ወሰንኩ።

በመጀመሪያ የነካሁት ምስሉን ነው። ብዙ ሰው የኢንተርኔቱን ጉልበት የሚለካው ፋይል በሚያወርድበት ፍጥነት ነው፤ ስብሰባ ግን መላክንም ስለሚጠይቅ፣ ፊልም ያለችግር የሚያሳይ መስመር የራሳችንን ድምፅ ሲልክ ሊቆራረጥ ይችላል። በምስል የሚደረግ የቡድን ስብሰባ በሰዓት ወደ አንድ ጊጋባይት የሚጠጋ ዳታ ሲወስድ፣ በድምፅ ብቻ የሆነው ከመቶ ሜጋባይት አይበልጥም። መሐንዲሱ ካሜራቸውን መዝጋታቸው ብቻውን ብዙም አልረዳቸውም፤ ምክንያቱም የእኛ የሁላችን ፊት በእሳቸው መስመር በኩል መውረዱን ይቀጥላል። ስለዚህ ካሜራ ለሰላምታ ይከፈት፣ ሰላምታው ሲያበቃ ሁሉም ይዝጋ ተባለ። ሰነዶችንም ስክሪን ላይ ከማሳየት ይልቅ በዋዜማው በቴሌግራም እየላክሁ፣ በስብሰባው ላይ «ገጽ 4፣ ሁለተኛው ሠንጠረዥ» እያልን መነጋገር ጀመርን። ጄኔቫዎቹ መጀመሪያ ላይ ቅር ቢላቸውም፣ ሰነዱን አንብቦ የሚመጣው ሰው ሲበዛ አመሰገኑን።

መብራትን በተመለከተ ልምዴ አጭር ነው። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በራሱ ባትሪ ይቆያል፤ የሚሞተው ራውተሩ ነው። አብዛኞቹ የቤት ራውተሮች በ12 ቮልት የሚሠሩና ጥቂት ዋት ብቻ የሚፈልጉ በመሆናቸው፣ ለዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለኮምፒውተር ኃይል ለሚሰጠው መሣሪያ) የሚሆን ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ከነመሙያው አንድ ባለሙያ አስተካክሎ ካገናኘልን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ያሠራል። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ሁለት ሲም የያዘ ስልክ በሆትስፖት መጠባበቂያ መስመር ሊሆን ችሏል። በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት በተቋረጠ ጊዜ ግን ያኔ የነበረን ዝግጅት ሁሉ አላዋጣም። በተራው የስልክ መስመር እየተደዋወልን፣ የአንዱን ሐሳብ ለሌላው እኔ እየነገርኩ ሰነበትን።

ሰዓትን ማግባባት ደግሞ ከገመትኩት በላይ አድካሚ ሆነ። ግብዣው «4:00» ብሎ በፈረንጅ አቆጣጠር ሲደርሰው ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ገብቶ ብቻውን የጠበቀ ባልደረባ አለን። በዚያ ላይ እኛ ሰዓታችንን አንቀይርም፤ አሜሪካ በማርች ሁለተኛ እሑድ፣ አውሮፓ ደግሞ በወሩ የመጨረሻ እሑድ ስለሚቀይሩ፣ በመካከሉ ባሉት ሳምንታት የዋሽንግተን ልዩነት ከስምንት ወደ ሰባት ሰዓት ሲወርድ የጄኔቫው እንደነበረ ይቆያል። ስለዚህ እያንዳንዱን ጥሪ «በአዲስ አበባ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ በጄኔቫ 14:00፣ በዋሽንግተን ጠዋት 8:00» እያልሁ መጻፍ ልማዴ ሆነ፤ በየወቅቱም አርመዋለሁ።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የወሰደብኝ ዝምታው ነው። በአንድ ክፍል ስንሰበሰብ ሰው መናገር መፈለጉ ከአቀማመጡ፣ ጉሮሮውን ከመጥረጉ ይታወቃል። በድምፅ ብቻ ሲሆን ይህ ምልክት ይጠፋል፤ በዚያ ላይ ድምፁ ይዘገያል። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለንግግር የሚመክረው የአንድ አቅጣጫ መዘግየት (ድምፁ ከተናጋሪው ተነሥቶ አድማጩ ጋ እስኪደርስ የሚፈጀው ጊዜ) ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ ነው፤ ከዚያ እየበለጠ በሄደ ቁጥር ሁለት ሰዎች እኩል ይጀምራሉ፣ ሁለቱም «ይቅርታ፣ ይቀጥሉ» ይባባላሉ፣ ከዚያ ሁለቱም ዝም ይላሉ። በእኛ አገር ደግሞ ታናሹ ታላቁን ስለሚጠብቅ ዝምታው ይረዝማል። ሰብሳቢያችን በስም እየጠሩ፣ ከጀማሪው ባለሙያ ተነሥተው ወደ ላይ እንዲሄዱ ሐሳብ አቀረብሁ። አንዳንዶች ከሥርዓት ውጭ ነው ቢሉም፣ መሐንዲሱ ራሳቸው «ልጆቹ ይቅደሙ፤ እኔ ከተናገርኩ በኋላ ማን ይቃወመኛል?» ብለው ደገፉኝ።

በቆራረጠ መስመር ላይ ቁጥርም አይታመንም። «ሠላሳ» እና «ስልሳ» ይምታታሉ፤ በሰከንድ 30 ሊትር ውኃ የሚያወጣ ፓምፕና 60 የሚያወጣው ደግሞ አንድ አይደሉም። ስለዚህ መጠን የሚናገር ሁሉ «ሦስት፣ ዜሮ» ብሎ አኃዝ በአኃዝ ይደግማል፤ እኔም ስብሰባው ከመዘጋቱ በፊት ውሳኔውን፣ ኃላፊውንና ቀኑን ጮክ ብዬ አነብና የዚያኑ ዕለት በቴሌግራም እልካለሁ። በቃል ብቻ የቀረ ውሳኔ እንዳልተወሰነ ይቆጠራል።

ቢሮው ከተከፈተ በኋላ የሰኞው ስብሰባ በርቀት እንዲቀጥል ተስማምተናል። ቢሮ ውስጥ ያለን ሰዎች በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ መሰብሰብ ሞክረን ነበር፤ አርባ ምንጭ የደረሰው ግን የወንበር መንኳኳትና የማይለይ ሳቅ ብቻ ሆነ። አሁን ሁላችንም በየጠረጴዛችን፣ ኢርፎን አድርገን፣ ማይካችንን ዘግተን እንገባለን፤ ጎን ለጎን የተቀመጥን እንኳ ተራችን እስኪደርስ የምንሰማማው በመስመሩ ነው።