ለቅሶ መድረስ እና ስልክ መደወል

የቀድሞ እጮኛዬ እናት ሰሞኑን ከደሴ ብዙ በማትርቀው በሐይቅ ከተማ ዐርፈዋል። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ከልጃቸው ጋር እንደገና ልገናኝ ወይስ ይቅር የሚለው ጥያቄ፣ ተዘግቷል ብዬ የማምንበት ጉዳይ፣ እንደ አዲስ ያስጨንቀኝ ጀምሯል።

የተለያየነው ተጣልተን አይደለም። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እኔ ከቤተሰቤ ጋር ወደ አዲስ አበባ ሸሸሁ፤ እሱ ግን እናቱን ጥሎ መሄድ ስላልሆነለት እዚያው ቀረ፤ ስልክና መብራት በተቋረጠበት በዚያ ጊዜም አንዳችን የሌላውን በሕይወት መኖር እንኳ ሳናውቅ ቆየን። ከተማዋ በኅዳር መጨረሻ ወደ መንግሥት እጅ ከተመለሰችና ስልክም ከተከፈተ በኋላ ተነጋግረን ነበር፤ ሆኖም እሱ ያየውን ሊነግረኝ አልፈለገም፣ እኔም ያላየሁትን መጠየቅ ከበደኝ፣ የሠርጉም ነገር በዚያው ሳይነሣ ቀረ።

ለቅሶ መድረሱን በተመለከተ ጥርጣሬ የለኝም። በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ፣ ማለትም በአንድ ዕድር፣ እየተሰባሰበ ሟቹን ይቀብራል፤ የተኮራረፈ ሰው እንኳ ኩርፊያውን ትቶ ይደርሳል። እማማ ደግሞ ልጄ ብለው የጠሩኝ፣ በቡናቸው ላይ የመረቁኝ ሴት ናቸው፤ የእሳቸውን ለቅሶ የምደርሰው በልጃቸው በኩል ሳይሆን በራሴ ዕዳ ነው።

የሚያስጨንቀኝ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። ሐዘንተኛ ወደ ቤቱ የመጣውን ሁሉ ተነሥቶ ይቀበላል፤ ማንንም ዛሬ አትምጣብኝ ሊል አይችልም። ስለዚህ በዚያ ቀን እጄን ይዞ ቢያለቅስ፣ አጠገቤ ቢቀመጥ፣ እስከ በር ቢሸኘኝ፣ ይህን ሁሉ ለእኔ እንደተሰጠ መልስ ልቆጥረው አይገባኝም። እምቢ ማለት የማይችልን ሰው እሺታ መጠየቅ ፍትሕ አይደለም ብዬ አምናለሁ።

ናፍቆቴን አልክድም። ከዜማ ቅኝቶቻችን አንዱ ትዝታ በሚባልበት፣ ሌሎች ሁለት ደግሞ በወሎዎቹ በባቲና በአምባሰል ስም በሚጠሩበት አገር ናፍቆትን ማፈር የለብኝም። ነገር ግን እኔ የምናፍቀው ከጦርነቱ በፊት የማውቀውን ሰው ነው፤ አሁን ያለውን ሰው አላውቀውም፤ እሱም ከአዲስ አበባ የተመለሰችውን እኔን አያውቃትም። ብንገናኝ ከቆምንበት የምንቀጥል ይመስለኝ የነበረው ሐሳብ በጣም የሚያባብል ስለሆነ ነው ይበልጥ የምጠራጠረው።

እናም በመጪው ቅዳሜ ከእናቴና ከሰፈራችን የቅሬ ሴቶች ጋር ወደ ሐይቅ እወርዳለሁ። አብሽር እለዋለሁ፣ ከሴቶቹ ጋር እቀመጣለሁ፣ ከእነሱም ጋር እመለሳለሁ፤ ስልክ ቁጥሩን አልጠይቅም፣ የእኔንም አልሰጥም። ለቅሶው አልፎ፣ ቤቱ ጭር ብሎ፣ አርባውም ከወጣ በኋላ ልቤ አሁንም ካልተወው፣ መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ሳይሆን እኅቱን ነው፤ ድምፄን መስማት ይፈልግ እንደሆነ እሷ ትጠይቅልኝ፣ ባይፈልግ ደግሞ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ብቻ ይንገራት።