የአየር መንገድ ታሪክ ጥያቄና መልስ እንዴት እንዳዘጋጀሁ

በዓል ላይ ዘመድ ሲሰበሰብ ጥያቄና መልስ የማጫውተው እኔ ነኝ። ዘንድሮ የኢትዮጵያ አየር መንገድን የድሮ በረራዎችና አውሮፕላኖች መረጥኩ። «በስንት ዓመተ ምህረት?» እያሉ መደርደር አሰልቺ ነው፣ ሰዉም ቶሎ ስልኩን ያወጣል። ስለዚህ ከአውሮፕላኑ ጀመርኩ፤ ምን ያህል ይሄዳል፣ ምን ዓይነት ሜዳ ይፈልጋል፣ መስመሩ ከዚያ ይመጣል።

የመጀመሪያው በረራ የተደረገው በሲ-47 ነው፣ የዲሲ-3 ወታደራዊ ዓይነት። ጭኖ ከአዲስ አበባ ካይሮ በአንድ ጉዞ አይዘልቅም። «ታዲያ መሀል ላይ የት አረፈ?» አስመራ! ውስጡ ደግሞ በግራና በቀኝ አግዳሚ ወንበር፣ ዕቃው መሀል ወለሉ ላይ ታስሮ። ይህን ስናገር አክስቴ «በሉ አይሱዙ ነው በሉኝ» አለችና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል፦ የዘመን አቆጣጠሩን። ድርጅቱ የተመሠረተው በታኅሣሥ 1938 ሲሆን በመጋቢት መጨረሻ በረረ፣ በእኛ ያው አንድ ዓመት ነው። በፈረንጆቹ ግን 1945 እና 1946 ይሆናል፤ ካልተነጋገራችሁበት ጠብ ነው። ከዚህ በታች ያሉት በፈረንጆቹ ናቸው።

ቦሌ ለምን ተሠራ? የልደታው ሜዳ ለጄት ስለማይበቃ። ቦይንግ 720ቢ በ1962 መጨረሻ መጣ፣ በጥር 1963 ወደ ናይሮቢ የጄት በረራ ተጀመረ። ይህን ያልመለሰው ዕድሜውን ኦልድ ኤርፖርት የኖረው አጎቴ ነው፤ እስከ ማታ ሲቀለድበት ዋለ።

ከሁሉም የወደድኩት የ1984ቱን ነው። አዲሱ ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ሳያርፍ በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ገባ፣ 12,082 ኪሎ ሜትር፣ በጊዜው ለባለ ሁለት ሞተር የመንገደኛ ጄት ክብረ ወሰን። ልጆቹ ባለ አራት ሞተር ነው ብለው ድርቅ አሉ። ቀጥዬ «ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ቢሆንስ?» አልኩ። ከዲሲ የመጣችው የአክስቴ ልጅ ፈጠን ብላ፣ ስትመለስ ሁሌ መንገድ ላይ ነዳጅ ለመሙላት እንደሚያርፉ ነገረችን። ምክንያቱን ግን ሌላው ነው ያገኘው፦ ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፣ አየሩ ስስ ነው፣ አውሮፕላኑ ነዳጅ ጢም አድርጎ መነሳት ይቸግረዋል። ነጥቡን ለሁለቱም አካፈልኩ።