ግድግዳውን ከመቆርቆሬ በፊት

አሮጌ የድንጋይ ሕንፃ ላይ ልስን ሲረግፍ ብዙ ሰው ቆርቁሮ እንደገና ወደ መለሰን ይሮጣል። እኔ የጀመርኩት በሙቀት ካሜራ ነው። ታሪካዊ ግድግዳ አንዴ ከተቆረቆረ አይመለስማ።

ካሜራው እርጥበትን አያይም። የሚያየው የገጹን ሙቀት ነው። ውሃ ሲተን ግድግዳውን ያቀዘቅዘዋል፤ እርጥቡ ቦታ ጠቆር ብሎ ይወጣል። ስለዚህ ሰዓት መምረጥ ግድ ነው። ፀሐይ ማሞቅ ስትጀምር ወይም ከጠለቀች በኋላ ሳነሳ፣ ከልስኑ ስር የተደፈነ የበር ቅስት ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ታየኝ። የሚያብረቀርቅ ብረት ላይ ግን ምስሉን አትመኑት፤ አንዳንዴ የሚያሳያችሁ የራሳችሁን ሙቀት ነው።

ከመሬት እስከ ወገብ ድረስ ጥቁር ጥላ ነበር። ባለ መርፌ የእርጥበት መለኪያ ሰካሁበት። ቁጥሩ ጣሪያ ነካ። ይሄኔ ነው ቆም ማለት። መለኪያው የሚለካው ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚያልፍ ነው፤ ግድግዳው ውስጥ ጨው ካለም ቁጥሩ ይዘላል። ስለዚህ ከድንጋዮቹ መሃል ካለው ኖራ በመሰርሰሪያ ናሙና አወጣሁ። መዘንኩ፣ በ105 ዲግሪ አደረቅሁ፣ ደግሜ መዘንኩ። የጎደለው ክብደት ውሃው ነው። (ጂፕሰም፣ ማለትም ጄሶ፣ ካለበት 105 አይሆንም። ጂፕሰሙ የራሱን ውሃ ይለቅና ያሳስታችኋል፤ 40 ዲግሪ አካባቢ ይበቃዋል።)

ውጤቱ ደስ ይላል። የድሮው የኖራ ልስን በተረፈበት በኩል ናሙናው ደረቅ ነው። በኋላ ሲሚንቶ በተለሰነበት በኩል ግን እርጥብ። መለኪያው ሁለቱንም እርጥብ ናቸው ብሎኝ ነበር። ኖራ ውሃው እንዲተን ያሳልፋል፤ ሲሚንቶው አፍኖ ይዞታል። ላይ ጥጉ ጋ የነበረው ጥላ ደግሞ የአሸንዳ ፍሳሽ ሆኖ ተገኘ። እሱ በመሰላል ያልቃል።

የግድግዳውን ውስጥ በሞገድ የሚያሳይ ራዳር ለማምጣት አልቸኮልኩም። እርጥብና ጨዋማ ግድግዳ ሞገዱን ውጦ ያስቀረዋል፤ መጀመሪያ ይድረቅ።

ሲሚንቶው ከመነሳቱ በፊት ግን ሁሉንም በሌዘር ስካነር አስቀረጽኩ። ይሄ ቅንጦት አይደለም። የፓሪሱ ኖትር ዳም እ.ኤ.አ. በ2019 ሲቃጠል፣ የኪነ ሕንፃ ታሪክ ምሁሩ አንድሩ ታለን ከዓመታት በፊት በሌዘር የለካው መረጃ ለእድሳቱ ጠቅሟል።

አሁን የቀረኝ ግድግዳው ላይ ያለው ስንጥቅ ነው። ስፋቱን የሚያሳይ መለኪያ ለጥፌበታለሁ። ስንጥቅ ከወቅት ወቅት ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ዓመት ሳይሞላው አልደፍነውም።